ወድቆ ዋይፋይ አልይዝ ስላለው ታብሌት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እሑድ ዕለት ስብሰባ ላይ የተናገርኩትን ያልመጡትም እንዲያነቡት ባዘዛችሁኝ መሠረት ይኸው ጽፌ ለጥፌአለሁ።

እንደምታውቁት የማኅበሩ ታብሌት ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። መስተዋቱ አልተሰነጠቀም፣ ይበራልም፤ ነገር ግን ዋይፋይ አልይዝ አለ። የወርኃዊ መዋጮው መዝገብ ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ለገንዘብ ያዣችን መላክ አቃተኝ። «ጸሐፊው መዝገቡን ደበቀ» እየተባለ መታማቴንም ሰምቻለሁ። እኔም ደንግጬ በማኅበሩ ገንዘብ አዲስ ይገዛ ልል ነበር። ይህ ስህተት ነበር።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጣራ። እዚያው ቦታ ላይ የሌላ ሰው ስልክ ይሞከር። ስልኩም ካልያዘ ታብሌቱን አትክሰሱ፤ መብራት ጠፍቶ ወይም ክፍያው አልቆ ይሆናል። ስልኩ ከያዘ ግን ታብሌቱን አጥፍታችሁ አብሩ። የአውሮፕላን ምልክቷ በርታ ከሆነ አጥፉ። ቀኑንና ሰዓቱን እዩ፤ ቀኑ ከተዛባ ዋይፋይ ይዞም ገጽ አልከፍት ሊል ይችላል። ከዚያ የዋይፋዩን ስም ሰርዛችሁ የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገቡ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ወደ ዋይፋዩ ሳጥን ጠጋ በሉ። የኛው ሳጥኑ አጠገብ ያዘ፤ በሩ ጋ ስደርስ ለቀቀ። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። የበቆጂ ልጆች የሩጫ ውጤት በሬዲዮ እየሰማን ነው ያደግነው። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። አንቴናው የተሰበረ ሬዲዮ እንዴት እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ፤ ይጮሃል እንጂ ሩቅ ጣቢያ አይስብም። ታብሌትም ውስጡ አንቴና አለው። በአንዳንዱ ላይ አንቴናው በቀጭን ሽቦ ይያያዛል፤ የሽቦው ጫፍ ተጭኖ ነው የሚገባው። ሲወድቅ ይነቀላል።

አንድ ጠጋኝ «ሁሉን አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫነው» ብሎኝ ነበር። እሺ ብለው ኖሮ መዝገባችን ይጠፋል፣ ሽቦውም እንደተነቀለ ይቀራል። አሰላ ወርጄ ሌላው ከፈተው፤ ሽቦውን ቦታው መልሶ ጫን አደረገው፣ በቃ! የእጁን ዋጋ ከኪሴ ከፍያለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ከወደቀ በኋላ ባትሪው ካበጠ ወይም ከጋለ ቻርጀር ላይ አትሰኩ፤ ቤት ውስጥም አትክፈቱት፣ እሳት ያስነሳል። ዋይፋዩና ብሉቱዙ ሁለቱም ጭራሽ አልበራ ካሉ ደግሞ ችግሩ ከሽቦ ያለፈ ሊሆን ስለሚችል፣ ከማስጠገናችሁ በፊት ያላችሁን ጽሑፍና ፎቶ በገመድ ወደ ኮምፒዩተር አስገልብጡ።

መዝገቡ ለገንዘብ ያዣችን ደርሷል። ከእንግዲህ በየወሩ በደብተርም እገለብጠዋለሁ፤ የፈለገ መጥቶ ስሙንና የከፈለውን ይይ። የጣልኩት እኔ ነኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ።


የማኅበሩ ጸሐፊ፣ በቆጂ