ከስድስት ኪሎ እስከ አራዳ፤ አሮጌ ቤቶችን በመሐንዲስ ዓይን ስለ መጎብኘት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጉብኝት ሲባል ብዙዎቻችን የእንግዳ ሥራ ይመስለናል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሩቅ አገር ዘመድ ካልመጣበት በቀር ወደ ሙዚየም ጎራ ማለትን እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም። በተለይም በእኛ ሙያ፣ አምስት ኪሎ ለዓመታት ሲመላለስ ኖሮ ከአጠገቡ ያለውን የብሔራዊ ሙዚየም በር ሳይረግጥ የተመረቀው ሰው ቁጥር ጥቂት አይመስለኝም።

ዛሬ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን፣ በአምስት ኪሎና በአራት ኪሎ አድርገን፣ አራዳ ጊዮርጊስ ድረስ አብረን እንድንወርድ እጋብዛችኋለሁ። በዚህ መንገድ ላይ ቤተ መንግሥት፣ የመኳንንት መኖሪያ፣ ሙዚየምና መናፈሻ ተከታትለው ይገኛሉ። እኔ የምለምናችሁ ግን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የያዘውን ቤት ጭምር እንድታዩልኝ ነው። ምክንያቱም ስለ እንዲህ ዓይነቶቹ ቤቶች መኖርና አለመኖር ፊርማ የሚጠየቀው ከታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን ከእኛ ነው።

በስድስት ኪሎ አደባባይ የቆመውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ያስጌጡት ቅርጾች የዩጎዝላቮቹ የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ሥራ ናቸው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያው አጠገብ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነበር። ይህ ቤተ መንግሥት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያየውን ያህል ያየ ቤት በከተማችን ብዙ አይገኝም። የንጉሠ ነገሥት መኖሪያ ነበር፤ በወረራው ዘመን የጠላት እንደራሴ መቀመጫ ሆነ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የተያዙት ሹማምንት በዚያው ቤት በአረንጓዴው ሳሎን ተረሸኑ፤ በዓመቱ፣ በ1954 ዓ.ም.፣ ግቢው ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ።

ከቤቱ ደጃፍ ወደ ሰማይ የሚወጣ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለፈውን አንድ ዓመት እንዲቆጥር ታስቦ ነበር። ነጻነት ሲመለስ ደረጃው አልፈረሰም፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት እንጂ። በእኔ አስተያየት በከተማችን ከተሠሩት የማሻሻያ ሥራዎች ሁሉ በወጪው አነስተኛ፣ በትርጉሙ ግን ትልቁ ይህ ነው።

በውስጡ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን በየብሔረሰቡ ከመደርደር ይልቅ የሰውን ሕይወት ተከትሎ፣ ከልጅነት ወደ አዋቂነት፣ ከዚያም ወደ ሞትና ከሞት ወዲያ ወዳለው ይወስደናል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍልም እንደ ነበሩ ይታያሉ። መሐንዲስ ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ማሰብ ይገባዋል። ለመኖሪያ ቤት ወለል በካሬ ሜትር የምንወስደው የተንቀሳቃሽ ጭነት መጠን 2 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ሲሆን፣ ሕዝብ ለሚመላለስበት ሙዚየም ግን እስከ 5 ይደርሳል። ስለዚህ መኝታ ቤት ሙዚየም በሆነ ዕለት፣ አንድ ሚስማር ሳይነቀል፣ በሒሳብ ረገድ ሌላ ሕንጻ ሆኗል ማለት ነው። መፍትሔው ሁልጊዜ አዲስ አርማታ ማፍሰስ አይደለም። በአንድ ጊዜ የሚገባውን ሰው ቁጥር መወሰንም የምህንድስና መፍትሔ ነው፤ በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ከብረት ይረክሳል።

በብሔራዊ ሙዚየም ብዙ አልቆይም። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችውን ድንቅነሽን ሁላችሁም በስም ታውቋታላችሁ፤ ሂዱና እዩአት። ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ለረጅም ዘመን ከአጥሩ ውጭ ሆነን ብቻ የምናውቀው ይህ ግቢ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። አትክልቱና እንስሳቱ ልጆችን ያስደስታሉ። እናንተ ግን የግብር አዳራሹን ጣራ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ያን ያህል ሕዝብ የሚበላበትን ስፋት በእንጨትና በድንጋይ የከደኑት ሰዎች የእኛ የሙያ አባቶች ናቸው።

ከዚህ ወደ አራዳ ስናቀና፣ በምኒልክ ዘመን ማብቂያና ከዚያ ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት የታነጹትን የመኳንንትና የነጋዴ ቤቶች ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ግንበኞች ከአገራችን ሰዎች ጋር የሠሯቸው ናቸው። በብዙዎቹ ምድር ቤቱ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ፣ ሰገነቱ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ዙሪያው ሰፊ በረንዳ ነው። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት የተከደነው ቆርቆሮ ደጋ የወጣው በጋማ ከብትና በግመል ጀርባ ነው። በረንዳው ደግሞ ለጌጥ ብቻ አልተሠራም። በጭቃ የተያያዘ ግንብ ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ መቶ ዓመት ይቆማል፤ ዝናብ ካገኘው ግን ክረምት በክረምት ያልቃል። የክረምቱን ዝናብ ከግድግዳው የሚያርቀው ያ ጥላ ነው። በኋላ ዘመን በረንዳውን ዘግቶ ክፍል ያደረገው፣ ግድግዳውንም በሲሚንቶ የለሰነው ሰው፣ ቤቱን ያጠነከረ መስሎት እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የእንዲህ ዓይነቱን ቤት ሁኔታ መርምሬ በሁለት ቀን ውስጥ እንድፈርም ጠየቀኝ። «በጠቅላላ እርጅና ምክንያት ለአገልግሎት የማይበቃ» የሚለው ቃል ተጽፎ አልቆ ነበር፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው። የወለሉ ጣውላ እንዲነሣልኝ ጠየቅሁ። ወለሉን ከተሸከሙት አሥራ አራት እንጨቶች መካከል የበሰበሱት ሦስት ሆነው ተገኙ፤ ሦስቱም አሸንዳው ተሰብሮ ከሚያፈስበት ማዕዘን በታች የነበሩ ናቸው። በቀሩት የጥድ እንጨቶች ላይ ቢላ አልገባም። የሚለወጠው ሦስት እንጨትና አንድ አሸንዳ መሆኑን ጽፌ ፈረምሁ። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ገባ። ቤቱ ግን አሁን የለም።

እርጅና የምህንድስና ቃል አይደለም። ቤት የሚወድቀው ውሃ ስለ ገባበት፣ ምስጥ ስለ በላው፣ እሳት ስለ ነካው ወይም መሠረቱ ስለ ተንቀሳቀሰ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ምልክት፣ የራሱ መድኃኒትና የራሱ ዋጋ አለው። ታሪኩንም መርሳት አይገባንም። ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ አንዱ የመኳንንት ቤት ለብዙ ቤተ ሰብ ተከፋፈለ፤ ኪራዩ ጣራ የሚያስጠግን አልነበረም፤ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቆርቆሮ የሚለውጥበት ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ የእነዚህን ቤቶች ውበት ስናደንቅ፣ በውስጣቸው በሚያፈስ ጣራና በጋራ መጸዳጃ የኖረውን ሰው ረስተን መሆን የለበትም። እርሱ የተሻለ ቤት ማግኘቱን የሚቃወም መሐንዲስ ካለ፣ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም።

በ2016 ዓ.ም. በአራዳና በዙሪያዋ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ከቦታቸው ተነሥተዋል። በዚያው ዓመት የካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም እዚያው ተመርቋል። ከድሉ በኋላ የታነጸው ባለ ስምንት ማዕዘን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም በቅርብ ይታያል። አዲሱንና አሮጌውን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልንም አትለፉት። በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው፤ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ከፊሉን አወደመው፤ ሆኖም ተጠግኖ እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ። «ተቃጥሏልና ይፍረስ» ለማለት ከዚያ የበለጠ ምክንያት የነበረው ቤት አላውቅም።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጃችን አለ። ነገር ግን አዋጁ ቤት አይለካም። አብዛኞቹ አሮጌ ቤቶች የወለል ፕላን የላቸውም፤ ከፈረሱም በኋላ የሚቀረው የመንገደኛ ፎቶግራፍ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በዓመት አንድ ቤት ለክተው ፕላኑን፣ ቁመቱንና የጣራውን አሠራር በወረቀት ቢያሰፍሩና ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ቢያስረክቡ ብዬ አሳስባለሁ። ለሥራው የሚያስፈልገው ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ደብተርና የነዋሪው መልካም ፈቃድ ነው። ጊዜውም ሐምሌ ቢሆን እመርጣለሁ። ጃንጥላ ይዛችሁ ከበረንዳው ሥር ቁሙ፤ ውሃው የት እንደሚወርድ፣ የትኛውንም ማዕዘን እንደሚያረጥብ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያም ገብታችሁ በዚያ ማዕዘን ያለውን ወለል አስነሡ።