«የሥራ መደብ» የሚለው መስመር



በር ላይ ቅጹን ስሞላ «የሥራ መደብ» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። «የለኝም» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ጠዋት ግን የሰፈር ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ፤ በደመወዝ ዘመኔ እንዲህ በጉጉት ተነስቼ አላውቅም።

ጣጣው ከአነጋገራችን ይጀምራል። «ሥራ ያዘ» ስንል ተቀጠረ ማለታችን ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ስትጋግር፣ ውሃ ስትቀዳ የኖረችው እናቴ በዚህ አቆጣጠር ሥራ ፈት ነበረች!

ፈላስፋዋ ሐና አረንት በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የሰውን ተግባር በሦስት ትከፍለዋለች፦ ለዕለት ኑሮ የሚለፋው፣ ሠርቶ የሚያቆመው፣ ከሌሎች ጋር ሆኖ የሚጀምረው። መለያዋ ደመወዝ አይደለም። በእኛም አገር አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ያኔ የሚናቀው ቀጥቃጩና ሸማኔው ነበር፤ ዛሬ ንቀቱ ዞሮ ቅጥር የሌለው ላይ አረፈ።

ደመወዝ አያስፈልግም አላልኩም። የቤት ኪራይ በፍልስፍና አይከፈልም እኮ!

ግን ዘንድሮ አንድ ወንበር ባዶ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ የወጣው ወዳጃችን ስደውልለት «ምን ነኝ ብዬ ልምጣ?» አለኝ። የስንቶቻችንን የመመረቂያ ጽሑፍ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያረመው እሱ አይደለም?

ኮሚቴውን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለከርሞ ያንን መስመር ሰርዛችሁ «ሰው ለምን ጉዳይ ይፈልግዎታል?» በሉበት። የሱን ቅጽ እኔው ቤቱ ድረስ እወስድለታለሁ።