ላልታመመ ጫጩት የተሰጠ መድኃኒት



ስለ ዶሮ እርባታ እንድናገር ስትጋብዙኝ ስለ መኖና ስለ እንቁላል ዋጋ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ወደ ካናዳ፣ ወደ ኩቤክ ክፍለ ሀገር ልወስዳችሁ ነው፤ በዚያ የሆነው ነገር ዶሮ የሚያረባውንም ዶሮ የሚበላውንም ይመለከታልና።

በኩቤክ የሥጋ ዶሮ ጫጩቶች በሚፈለፈሉባቸው ጣቢያዎች ሴፍቲዮፈር የሚባል አንቲባዮቲክ ይሰጥ ነበር። የሚሰጠው ለታመመ ዶሮ አልነበረም። ጫጩቱ ገና በቅርፊቱ ውስጥ ሳለ፣ ሊፈለፈል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ መርፌ የተገጠመለት ማሽን እንቁላሉን እየበሳ መድኃኒቱን ይወጋዋል። ይህም በእምብርት በኩል በሚገባ ባክቴሪያ ጫጩቶቹ እንዳይሞቱ ነው። ስጋቱስ እውነተኛ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ ያለቁበት ሰው ያውቀዋል።

ነገር ግን በዶሮ አንጀት ውስጥ ሳልሞኔላም ይኖራል፤ ዶሮዋን ብዙ ጊዜ አያሳምማትም። መድኃኒቱ ደካማውን ሲገድል የሚቋቋመው ቦታውን ይወርሳል። የመቋቋም ችሎታውም ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ዝርያው ቢለይ እንኳ፣ ይተላለፋል። ከዚያ በሥጋው ላይ ሆኖ ወጥ ቤት ይገባል። (ይህ ጀርም መድኃኒትን ቢቋቋምም እሳትን አይቋቋምም፤ ስለዚህ የእኛ ዶሮ ወጥ ድስቱ ውስጥ አያሰጋኝም። የሚያሰጋኝ ዶሮው የታጠበበት ሳፋና በዚያው ቢላዋ የሚከተፈው ሰላጣ ነው።)

ሴፍቲዮፈር የሴፍትሪያክሰን የቅርብ ዘመድ ነው። ሴፍትሪያክሰንን ደግሞ በሀገራችን ሆስፒታል የታመመ ልጅ ይዞ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ትኩሳቱ ሲጸና የሚታዘዘው ያ መርፌ ነው። ሳልሞኔላ ከአንጀት አልፎ ወደ ደሙ ለገባበት ሕፃን ከዋናዎቹ መድኃኒቶች አንዱ እርሱ ነው። ሴፍቲዮፈርን የለመደ ጀርም እርሱንም ይንቃል።

እ.ኤ.አ. በ2004 በኩቤክ ከሚሸጥ የዶሮ ሥጋ ላይ ከተገኘው ሳልሞኔላ ሃይደልበርግ 62 በመቶው ሴፍቲዮፈርን ይቋቋም ነበር፤ ከታመሙ ሰዎች ከተገኘውም 36 በመቶው። በ2005 መጀመሪያ የመፈልፈያ ጣቢያዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው መድኃኒቱን አቆሙ። በ2006 በዶሮ ሥጋው ላይ ወደ 7፣ በሰዎች ላይ ወደ 8 በመቶ ወረደ።

እኔን ያስገረመኝ ፍጥነቱ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ! ሆኖም በ2007 መድኃኒቱ በከፊል ሲመለስ ተቋቋሚው ጀርም ቀስ እያለ እንደገና ተነሣ። በ2014 የካናዳ ዶሮ አርቢዎች ለሰው ሕክምና እጅግ የሚያስፈልጉትን አንቲባዮቲኮች ለመከላከያ መስጠት ተዉ።

እንግዲህ መቶና ሁለት መቶ ጫጩት በግቢያችሁ የምታሳድጉ፣ ወይም ለሌላው እንዲያሳድግ የምትረዱ፣ «ለማንኛውም ይሁን» ተብሎ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ከመጠቀማችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ጫጩት የምትገዙበትን ጣቢያም እንቁላሉ ንጹሕ መሆኑን፣ መፈልፈያው በየዙሩ መታጠቡን፣ ለጫጩቶቹ ምን እንደተሰጣቸው ጠይቁት።