ዓባይ፣ ቂምና የአገር ፍቅር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



የምንናገረው ስለ አገር ፍቅር ነው። ነገር ግን የአገር ፍቅር ማለት ሰንደቅ ዓላማ ማውለብለብና መፎከር ብቻ መስሎ እንዳይታየን፣ ነገሩን በዓይናችን በምናየው ነገር ልንመረምረው አስበናል። ይኸውም ዓባይ ነው።

እኛ የጎጃም ልጆች ዓባይን የምናውቀው ከመጽሐፍ አስቀድሞ ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ይመነጫል፤ ጣና ገብቶ ይወጣል፤ አገራችንንም እንደ መቀነት ዞሮ ይሄዳል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት የሰማነው ገና በልጅነታችን፣ እንስራ ያዘሉትን እናቶቻችንን ተከትለን ወደ ምንጭ ስንወርድ ነው።

ምክንያቱን ግን የተማርነው በክፍል ውስጥ ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት የድንበር ውል፣ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገባ። በ1921 ዓ.ም. እንግሊዝና ግብጽ ተጻጽፈው ለግብጽ 48 ቢሊዮን፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በዓመት መደቡ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ግብጽና ሱዳን ሁለቱ ብቻ ተቀምጠው የግብጽን ድርሻ 55.5 ቢሊዮን፣ የሱዳንን 18.5 ቢሊዮን አደረጉት። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከመቶው 85 ያህሉ የሚወርደው ከኢትዮጵያ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ግን በሁለቱም ጊዜ አልተጠራችም፤ አንዲት ጠብታ እንኳ በስሟ አልተጻፈላትም። ስለዚህ ማዘናችን ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በደልን ማስታወስ ብቻውን አገርን ያሳድጋልን?

በ1956 ዓ.ም. የአሜሪካ ባለሙያዎች የዓባይን ሸለቆ አጥንተው በዋናው ወንዝ ላይ አራት ታላላቅ ግድቦች ሊሠሩ እንደሚችሉ አመለከቱ። ከዚያ በኋላ ግን ድህነትና ጦርነት ተጨምረውበት ጥናቱ ለብዙ ዘመን ወረቀት ሆኖ ቆየ። በዚያ ሁሉ ዓመት በደላችንን አልረሳንም፤ አንጎራጐርንበት፤ ተረት ተረትንበት። ይሁን እንጂ በማንጎራጐር የበራ አንድ መብራት የለም። ነገሩን የለወጠው ሥራ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። መምህሩ ከደመወዙ፣ ገበሬው ከእህሉ ሽያጭ፣ ተማሪው ከደብተር መግዣው ቀንሶ ሰጠ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል የሚያመነጭ ነው። እኛም በዚህ ስንኮራ የማንንም ፈቃድ አንጠይቅም።

ነገር ግን አሁን ነው መጠንቀቅ የሚያስፈልገን። የተበደለ ሕዝብ ኃይል ባገኘ ጊዜ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል፤ አንዱ የቂም፣ ሁለተኛው የልማት ነው። የቂምን መንገድ አባቶቻችን በገዛ ሰውነታቸው አይተውታል። ኢጣሊያ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የደረሰባትን ሽንፈት 40 ዓመት ስታመነዥግ ኖራ፣ በ1928 ዓ.ም. የመርዝ ጋዝ ይዛ መጣች። «ታላቅ መንግሥት ሆንሁ፤ በቀሌን እወጣለሁ» ነበር ሐሳቧ። እነ በላይ ዘለቀ በዚህ በጎጃም በረሃ የተዋጉት ከዚህ ቂም ጋር ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ልጆቿን አስጨርሳ ወጣች እንጂ ያተረፈችው የለም። እኛ በቂም የተወጋን ሕዝብ ስንሆን ቂምን መልሰን ብንይዝ፣ ከማን ተማርን ሊባል ነው?

የግብጽ ገበሬ ዝናብ አያውቅም፤ እንደ እኛ አባቶች ልጆቹን የሚያበላ ሰው ነው። ዮሴፍን እናስታውስ። ወንድሞቹ ሸጡት፤ በዚያው በግብጽ አገር ግን በጥጋብ ዘመን እህል አከማቸ፤ ወንድሞቹ ተርበው ሲመጡ ጎተራውን ከፈተላቸው። በደሉን አልካደም፤ ቂሙን ግን አላነገሠም። ግድብም የውሃ ጎተራ ነው። ድርሻችንን በሕግና በስምምነት እንጠይቅ፤ ማንንም በጥም አናስፈራራ።

ሁለተኛው ነገር የራሳችን ጥፋት ነው። በክረምት ከጨሞጋ ድልድይ ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው ውሃው ቀልቶ፣ ደፍርሶ ሲወርድ ያያል። ያ የጮቄ ተራራ አፈር ነው። ጋራውን እስከ ጫፉ አርሰን፣ ዛፉን ቈርጠን የለቀቅነው እኛ ነን። ለዚህ አፈር እንግሊዝ ውል አልጻፈበትም፤ ግብጽም አልነጠቀችንም። በየዓመቱ የሚሄደው አፈር የአባቶቻችንን ማሳ ያራቁታል፤ ደለሉም የገነባነውን ግድብ ሊሞላው ይወርዳል። የወሰዱብንን ስንቈጥር የጣልነውን አንርሳ።

ሦስተኛውን ስንናገር ድምፃችን ይሰበራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት አብረውን ፊደል ከቈጠሩት ሁሉ ዛሬ ከእኛ ጋር ያልተቀመጡ አሉ። በአገራችን እያንዳንዱ ወገን የየራሱን የበደል መዝገብ ይዟል፤ ብዙውም እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉም የራሱን ብቻ ሲያነብ የሌላውን የሚሰማ ጆሮ ይጠፋል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እንደ ተባለ፣ በልባችን ቂም ቋጥረን ታላቅ አገር እንሠራለን ማለት ከንቱ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፣ በደላችንን አትደብቁን፤ እውነቱን ንገሩን። ነገር ግን ከእውነቱ ጋር ጥላቻን አታውርሱን። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ታሪክን ስታስተምሩን የተበደልነውንም የበደልነውንም አስተምሩን። እኛም በበኩላችን በየመንደራችን ስንመለስ በተዳፋቱ ማሳ ላይ እርከን ለመሥራት፣ ዛፍ ለመትከልና ከታናናሾቻችን መካከል ከትምህርት ገበታ የቀሩትን ፊደል ለማስቈጠር በፊታችሁ ቃል እንገባለን። ትንሽ ነገር መሆኑን እናውቃለን፤ ግሽ ዓባይም ሲፈልቅ ትንሽ ምንጭ ነው።

እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላሙን ይስጥልን።