ሁለት የኃይል ምንጮች በሚገናኙበት ቦታ፦ በአሮጌ ሞተርሆም የጄኔሬተርና የውጭ መስመር ብልሽት አፈላለግ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲያዩት የባለጸጋ ሰው መዝናኛን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መታጠቢያ ያለው የጉዞ መኪና፣ ከሁሉ ይልቅ በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋ ነው። በአዮዋ የሚገኘው የዊኔቤጎ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 ሞተርሆም መሥራት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ቤተ ሰብ በዚህ ዓይነት መኪና ተጉዟል፤ ከቀድሞዎቹም መካከል ዛሬ ድረስ በአገልግሎት ላይ ያሉ አይታጡም። ለእኛ ለባለሙያዎች ግን ነገሩ ከመዝናኛ በላይ ነው። በአንድ ጠባብ የብረት ሣጥን ውስጥ ቤንዚን፣ ጋዝ፣ ውሃና ኤሌክትሪክ ተጎራብተው ይኖራሉ፤ በመካከላቸውም ሰው ይተኛል። ተንቀሳቃሽ ክሊኒክም ሆነ ተንቀሳቃሽ የጥገና መኪና የተሠራው በዚሁ ሥርዓት ስለሆነ፣ አንዱን ያወቀ ሌላውን ለመጠገን አይቸገርም።

ዛሬ ለማስረዳት የምፈልገው አንድ ዐቢይ ነገር ነው። ይኸውም፣ መብራቱ ተመልሶ መብራቱ የጥገናው ፍጻሜ አለመሆኑ ነው። ብልሽቱን ያገኘነው በመለካት እንጂ በመገመት ካልሆነ፣ የመሬት ሽቦውና ኒውትራሉም በየቦታቸው መሆናቸውን ካላረጋገጥን፣ ያበራነው መብራት የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

በቅድሚያ ሥርዓቱን በአጭሩ እንመልከት። አሜሪካ ሠራሹ ሞተርሆም የሚሠራው በ120 ቮልትና በ60 ሄርትዝ ነው። ከውጭ መስመር የሚወስደው ኃይል በሁለት ዓይነት ይከፈላል። አንደኛው የ30 አምፔር ሲሆን፣ ስፒናው ሦስት እግር አለው፤ የሚሰጠውም እስከ 3,600 ዋት ነው። ሁለተኛው የ50 አምፔር ሲሆን፣ ስፒናው አራት እግር አለው፤ እያንዳንዳቸው 120 ቮልት የሆኑ ሁለት ፌዞች ስላሉት በጠቅላላው እስከ 12,000 ዋት ይሰጣል። ከዚህ ሌላ መኪናው የራሱ ጄኔሬተርና የ12 ቮልት ባትሪ አለው። የውጭው መስመርና ጄኔሬተሩ የሚገናኙት ቼንጅ ኦቨር በምንለው መለወጫ ላይ ነው። በአንዳንድ አሮጌ መኪናዎች ግን መለወጫ የሚባል ነገር የለም፤ ባለቤቱ ገመዱን ከውጭው ምሰሶ ነቅሎ በጓዳው ውስጥ ባለው የጄኔሬተር ሶኬት ላይ በእጁ ይሰካዋል።

እንግዲህ ደንበኛው መጥቶ «ኤሌክትሪክ ጠፍቷል» ሲል የመጀመሪያው ጥያቄያችን «በየትኛው ምንጭ?» የሚል ሊሆን ይገባል። በውጭው መስመር እየሠራ በጄኔሬተር እምቢ ካለ፣ ወይም በተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው ከመለወጫው በፊት በዚያው ምንጭ መንገድ ላይ ወይም በመለወጫው አንድ ጎን ነው። በሁለቱም ካልሠራ ከመለወጫው ራሱ ወይም ከእርሱ ወዲህ ይፈለጋል። ይህች አንዲት ጥያቄ የግማሽ ቀን ድካም ታስቀራለች። የጣሪያው መብራት መብራቱም ሊያሳስተን አይገባም፤ እርሱ የሚበራው በ12 ቮልቱ ባትሪ ነውና ስለ 120 ቮልቱ ምንም አይመሰክርም።

ከውጭው መስመር እንጀምር። ገመዱ ከመሰካቱ አስቀድሞ ምሰሶው ይለካ። በፌዝና በኒውትራል መካከል 120 ቮልት አካባቢ፣ በኒውትራልና በመሬት መካከል ደግሞ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መገኘት አለበት። የ50 አምፔር ከሆነ በሁለቱ ፌዞች መካከል 240 ቮልት ሊነበብ ይገባል። በዚህ ዓይነቱ መስመር ኒውትራሉ ቢላቀቅ፣ 240ው ቮልት በሁለቱ ወገን እንደ ጭነቱ መጠን ይከፋፈላል፤ ቀላል ጭነት ያለበት ወገን ከመጠን ያለፈ ቮልት ይደርሰውና መሣሪያው ይቃጠላል። ስለዚህ አንዱ አምፖል ሲደምቅ ሌላው ሲደበዝዝ ያየ ባለሙያ ብሬከሩን ወዲያውኑ ያጥፋ።

ቀጥሎ ገመዱና ስፒናው ይመርመሩ። የጠቆረ እግር ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ካለ ልል ግንኙነት ለመኖሩ በቂ ምስክር ነው። ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም የታወቀ ጠላት ነው። ለምሳሌ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ የ50 ሜትር የመዳብ ገመድ 16 አምፔር ብናሳልፍ፣ በመሄጃና በመመለሻው 19 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል። ከ120 የተነሣው 101 ሆኖ ሲደርስ የአየር ማቀዝቀዣው ሞተር ለመነሣት ይታገላል፤ ይግላልም። ከ300 ዋት በላይ የሆነውም ሙቀት በገመዱ ላይ ያርፋል፤ ገመዱ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ እሳት ያስነሣል። ስለዚህ ቮልት የሚለካው ጭነት ሳይኖር ብቻ ሳይሆን ጭነቱ በሥራ ላይ እያለም ነው።

ወደ ጄኔሬተሩ እንለፍ። ሞተሪኖው ጨርሶ ካልዞረ ወይም ከደከመ፣ አስቀድሞ ባትሪው ይጠየቅ። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሲያስነሣ ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ወይም ቁልፎቹና የሻሲው ግንኙነት ደካማ ነው። ሞተሩ እየዞረ ካልተነሣ ቤንዚኑ፣ ካንዴላውና ፑንቲናው በተራ ይታዩ። ብዙ ወራት የቆመ ቤንዚን ሙጫ እየሆነ ካርቡራቶሩን ይደፍናል። በብዙ ሞተርሆሞች የጄኔሬተሩ መምጠጫ ቱቦ ከዋናው ታንክ ወለል ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ መንገደኛው ጄኔሬተሩን ሲያሠራ አድሮ ለመንዳት ነዳጅ እንዳያጣ የታሰበ ነው። ስለዚህ ታንኩ ከሩብ ሲያንስ ጄኔሬተሩ ቢቆም ብልሽት አይደለም። ተነሥቶ የማስነሻው ቁልፍ ሲለቀቅ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ፣ የዘይቱ መጠን፣ የዘይት ግፊት መቆጣጠሪያው ወይም ከጄኔሬተሩ ራሱ ወደ መቆጣጠሪያው የሚመለሰው ምልክት ይመረመራል። መቆጣጠሪያውን በሽቦ አልፎ ማገናኘት ግን ጥገና አይባልም፤ ሞተሩን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

ሞተሩ ደህና እየሠራ ቮልት የማይሰጥ ከሆነስ? አስቀድሞ በጄኔሬተሩ አካል ላይ ያለው ብሬከር ይታይ፤ ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል። ከዚያ ካርቦኖቹና የሚሽከረከሩባቸው ቀለበቶች ይጽዱ። ረጅም ጊዜ የቆመ ጄኔሬተር ቀሪ ማግኔቱን አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የፋብሪካው መጽሐፍ በሚያዘው መንገድና አቅጣጫ ብቻ ለአፍታ ከባትሪ ኃይል ተሰጥቶት ሊነቃ ይችላል። የዙሩም ፍጥነት ይለካ፤ ባለ አራት ዋልታው 1,800፣ ባለ ሁለት ዋልታው 3,600 ዙር በደቂቃ ሲዞር 60 ሄርትዝ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ድካም ከሚቀንሱት ነገሮች ዋናው ጄኔሬተሩን በየወሩ በግማሽ ጭነት ያህል ማሠራት ነው።

መለወጫው ራሱ ሲጠረጠር፣ ሁለቱም ምንጮች ተቋርጠው ይከፈት። አውቶማቲክ የሆነው ጄኔሬተሩ እስኪረጋጋ ድረስ ሆን ብሎ ለጥቂት ጊዜ የሚዘገይ በመሆኑ፣ ያን ጊዜ ሳይጠብቁ ተበላሽቷል ማለት ስሕተት ነው። የተቃጠለ መገናኛ፣ የላላ ብሎንና የማይስብ ቦቢና የተለመዱት ጥፋቶቹ ናቸው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ደርሰናል። መኪናው በውጭ መስመር ሲሠራ ኒውትራሉ ከሻሲው ጋር በመኪናው ውስጥ መገናኘት የለበትም፤ የሚገናኙት በውጭው የአገልግሎት ሣጥን ዘንድ ነው። በጄኔሬተር ሲሠራ ግን ግንኙነቱ በጄኔሬተሩ ዘንድ ይሆናል። ስለዚህ መለወጫው ፌዙን ብቻ ሳይሆን ኒውትራሉንም አብሮ መለወጥ አለበት። የመሬት ሽቦው ከተበጠሰና የውሃ ማሞቂያው ኃይል ማፍሰስ ከጀመረ የመኪናው ገላ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ውስጥ ያለው ሰው ምንም አይሰማውም፤ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የበሩን እጀታ የሚይዘው ልጅ ግን መንገድ ይሆነዋል። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ በሻሲውና በእውነተኛው መሬት መካከል ያለው ቮልት ይለካ። የስፒናውን የመሬት እግር ቆርጦ «ሠራ» ማለት ለማንም ባለሙያ የተፈቀደ አይደለም።

ሌላው አደጋ አይታይም፣ አይሸትም። የተሰነጠቀ ማርሚታ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ መኝታው ያስገባል። ስለዚህ ጄኔሬተር የጠገነ ሰው የጭስ መውጫውን ሳይመረምርና የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው መሥራቱን ሳያረጋግጥ መኪናውን አያስረክብ።

በመጨረሻ፣ እንዲህ ያለ መኪና ለክሊኒክ ወይም ለሌላ አገልግሎት ወደ አገራችን ቢመጣ የሚገጥመውን ልጥቀስ። የእኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ሄርትዙን ግን አይለውጥም። ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርትዝ የተሠራ ሞተር በ50 ሄርትዝ የሚስማማው 100 ቮልት ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሰጠው ብረቱ ይጠግብና ይግላል። ማሞቂያና አምፖል ይችላሉ፤ የማቀዝቀዣ ሞተር ግን አይችልም። ከዚህም በላይ ባለ ሁለት እግር ስፒናችን ተገልብጦ ሊሰካ ስለሚችል ፌዙና ኒውትራሉ ቦታ ይለዋወጣሉ። አሜሪካ ሠራሹ ሣጥን የሚቆርጠው ፌዙን ብቻ በመሆኑ፣ መስመሩ በቀጥታ ከገባበት የጠፋ የመሰለን መሣሪያ ኃይል እንደያዘ ይቀራል። ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ማብሪያና አስተማማኝ የመሬት ሽቦ ሳይኖር እንዲህ ያለው መኪና ሥራ ሊጀምር አይገባም።

ክቡራን ወገኖቼ፤ ደንበኛው የሚከፍለን መብራቱ ስለበራለት ነው፤ የመሬት ሽቦውን አያይም፣ ስለ ኒውትራሉም አይጠይቅም። እርሱ ስለማይጠይቅ እኛ ልንጠይቅለት ተገድደናል። ከቴስተራችን ጋር ወደ ሥራ ስንሄድ ይህንን አደራ ይዘን እንድንሄድ በማሳሰብ ንግግሬን እፈጽማለሁ።