ድቡ ሳይያዝ የተሸጠ ቆዳ



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንዲት ትንሽ የፈረንሳይ ኦፔራ ልንነግራችሁና ለማሳየት እንድትረዱን ልንለምን ነው። ስሟ «ሁለቱ አዳኞችና ወተት ሻጯ» ይባላል። ዜማዋን ኢጣሊያዊው ዱኒ፤ ቃሏን አንሶም ደርሰውላት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1763 ፓሪስ ላይ ታየች። ዓይነቷ «ኦፔራ ኮሚክ» ነው። ይህም ተዋናዩ ሲናገር ቆይቶ መካከል ላይ ይዘፍናል ማለት ነው እንጂ የግድ ያስቃል ማለት አይደለም፤ በ1875 የታየችው «ካርመን» በዚሁ ስልት ተሠርታ ፍጻሜዋ ግድያ ነው። የእኛይቱ ግን ታስቃለች።

ነገሩ ከላፎንቴን ተረቶች የተቀዳ ነው። አዳኞቹ ድቡን ሳይገድሉ ቆዳውን ይሸጣሉ፤ ድቡ ሲመጣ አንዱ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ሌላው የሞተ መስሎ ይተኛል። ወተት ሻጯም ገና ባልሸጠችው ወተት ሀብታም ስትሆን ዕቃው ይሰበራል። «ላም አለኝ በሰማይ» ለሚል ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያሻም።

ላፎንቴንም ለመድረካችን እንግዳ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ጨዋታ ከእርሱ ተረቶች ተነሥተው ጽፈው በአዲስ አበባ ቴራስ ሆቴል አሳይተውት ነበር። አውሬዎቹ የሹማምንቱን ብልሹነት ስለ ተናገሩ ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት። ጸሐፊው ኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ ሆኑ።

በክበባችን ክርክር ተነሥቷል። አባያ ዳር ተቀምጠን ድብ ምን ያደርግልናል፤ አዞ ይሁን፤ ቆዳውም ይሸጣል ያሉ አሉ። ሐሳቡ ማርኮን ነበር። ነገር ግን አዞ የተኛውን ሰው አሽትቶ አይሄድም፤ ይጎርሰዋል፤ ጨዋታውም እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ድቡ ድብ ሆኖ ይቅር። ድብ ያየ እዚህ ስለሌለ አይመስልም የሚለን የለም።

ከባዱ የዘፈኑ ጉዳይ ነው። ኦርኬስትራ የለንም፤ ከበላያችን ባለው ተራራ ግን ዶርዜዎች በአንድ ጊዜ በብዙ ድምፅ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ሦስቱ በኅብረት የሚዘፍኑበትን ቦታ እዚያ ላደጉ ጓደኞቻችን እንስጥ ብለናል። የአባቶች ዜማ መሳቂያ ይሆናል የሚሉትን አልናቅናቸውም፤ ቦታውን የሚመርጡት ዘፋኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ እምቢ ካሉም ክፍሉ በንግግር ያልፋል። ሳቁ ቆዳ ሻጮቹ ላይ ነው፤ ባልያዝነው ዲግሪ ደመወዝ ስንከፋፍል የምናመሽም እንገኝበታለን።

የጎደለን አንድ ቡናማ ብርድ ልብስና ከውስጡ የሚገባ ረጅም ሰው ነው። ፈቃደኛ የሆነ ከስብሰባው በኋላ ይቆይልን።