አሮጌ ፒክአፕ በላስታ ዳገት፦ ከሞተር እስከ ጎማ ያሉ የተለመዱ ብልሽቶችና ጥንቃቄያቸው

(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርዕሳችን ዘር፣ ማዳበሪያ ወይም እርከን አይደለም፤ መኪና ነው። «ግብርና ጽሕፈት ቤት ከመቼ ወዲህ ጋራዥ ከፈተ?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም መካኒክ አይደለሁም፤ የተማርኩት ግብርና ነው። ነገር ግን ገብሱ፣ ባቄላውና ማሩ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ካልደረሰ፣ ዩሪያውም በወቅቱ ቀበሌ ካልገባ፣ ስለ ምርታማነት ያወራነው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ከእናንተ መካከል በግል ወይም በቡድን ተዋጥታችሁ አሮጌ ፒክአፕ የገዛችሁ አላችሁ። ለመግዛት የምትመክሩም አላችሁ። ያ መኪና ስንት በግና ስንት ቀፎ ማር ተሽጦ እንደተገዛ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ እንደ በሬና እንደ ማረሻ የእርሻ መሣሪያ ነው፤ እንክብካቤውም ይመለከተናል።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የመኪና ዋጋ እንዲህ በናረበት ጊዜ፣ ያለንን አሮጌ ሃይሉክስ በሌላ እንተካዋለን ማለት ቀላል አይደለም። ያለን አማራጭ መጠበቅ ነው።

1. ኃይሉ ከሞተር ወደ ጎማ እንዴት ይሄዳል?

ጥማድ በሬን አስቡ። በሬው ኃይል አለው፤ ኃይሉ ግን መሬቱን የሚገምሰው በቀንበሩ፣ በምራኑና በሞፈሩ በኩል ማረሻው ጋ ሲደርስ ነው። ምራኑ ከላላ በሬው ይለፋል እንጂ ማረሻው አይጎተትም። መኪናም እንዲሁ ነው። ሞተሩ በሬው ነው፤ ጎማው ማረሻው ነው። በመካከላቸው አራት ክፍሎች አሉ፦

• ፍሪሲዮን፦ የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮ ጋር ያገናኛል፣ ይለያልም።
• ካምቢዮ፦ ማርሾቹ ያሉበት ነው፤ ለዳገት ጉልበት፣ ለሜዳ ፍጥነት ይሰጣል።
• ካርዳን፦ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ ነው። መጋጠሚያዎቹን ክሮቼራ እንላቸዋለን።
• ዲፈረንሻል፦ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ያካፍላል።

መኪናው «ጉልበት አጣ» ስትሉ ሁልጊዜ ሞተሩ ደክሟል ማለት አይደለም። በሬው ጤነኛ ሆኖ ምራኑ ላልቶ ይሆናል።

2. በእኛ አካባቢ ለምን ቶሎ ይጎዳል?

አንደኛ፣ ከፍታው ነው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ጋሸና ስንወጣ ከዚያም ከፍ እንላለን። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ቆላ ላይ ሙሉ ጉልበት የነበረው አሮጌ ናፍጣ ሞተር እዚህ ሲደርስ ሩብ ያህሉን አጥቷል። ሾፌሩ ይህን ለማካካስ ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ይወጣል። የሚቃጠለውም ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ጭነቱ ነው። የዚህ ዓይነት ፒክአፕ አቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ኩንታል ብዙም አይርቅም፤ የእናንተን መኪና ትክክለኛ ልክ ሊብሬው ላይ ታገኙታላችሁ። ሰውም ጭነት ነው። 10 ኩንታል ማዳበሪያ ጭኖ ስድስት ሰው ላዩ ላይ የሚያስቀምጥ አቅሙን አልፏል፤ የሰዎቹንም ሕይወት አደጋ ላይ ጥሏል።

ሦስተኛ፣ ወንዙ ነው። ተከዜ የሚነሳው ከእኛው ከላስታ ተራሮች ነው፤ ገባሮቹን በክረምት በመኪና የምንሻገርባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም ውኃ ውስጥ ከገባ፣ አየር ሊስብ ሲል ውኃ ይስባል።

3. ፍሪሲዮን፦ ሁለቱን ሕመሞች ለዩ

የመጀመሪያው መንሸራተት ነው። ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ለማረጋገጥ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ጎማውን በታኮ ደግፉ፤ ከፊትና ከኋላ ሰው አይቁም። የእጅ ፍሬን ስባችሁ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ይጠፋል። እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አንስታችሁም ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ይህን ሙከራ አንድ ጊዜ ብቻ አድርጉ፤ መደጋገሙ ራሱ ሸራውን ይበላል።

ሁለተኛው በደንብ አለመለየት ነው። ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁም ማርሽ እየጮኸ ይገባል፣ ወይም ጭራሽ አይገባም። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያድን ቀላል ሙከራ አለ። ሞተሩን አጥፉና ማርሾቹን አስገቡ። ሞተር ጠፍቶ በቀላሉ ከገቡ፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ እምቢ ካሉ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የፍሪሲዮን እንጂ የካምቢዮ አይደለም።

ማዳበሪያ በሚጓጓዝበት ሰሞን የአንድ ቡድን መኪና እንዲህ ሆነና «ካምቢዮው ሄዷል» ተባለ። ካምቢዮው ወረደ፤ ተፈታ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት የፍሪሲዮን ዘይት ማለቁ ነበር፤ ከላይ ካለችው ትንሽ ዕቃ ውስጥ አንድ ጠብታ አልነበረም። ለቀናት መኪናው ቆመ፤ ማዳበሪያው በአህያ ተጓጓዘ፤ የጉልበት ዋጋውም ተከፈለ። ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

በዚያች ዕቃ ውስጥ የሚጨመረው የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ከጨመራችሁ የውስጡ ጎማዎች ያብጡና መስመሩ በሙሉ ይበላሻል። ደጋግሞ የሚጎድል ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ እየሞሉ መሄድ መፍትሔ አይሆንም።

ሸራ ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት። ትልቁ የጉልበት ዋጋም እሱ ነው። ስለዚህ አንዴ ከወረደ ሸራውን፣ ሸራውን የሚጫነውን ሰሃንና የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ አብራችሁ ቀይሩ። ቮላኖው የተሰነጠቀ ወይም የተቃጠለ መሆኑን፣ ሞተሩ ከኋላ ዘይት የሚያፈስ መሆኑንም መካኒኩ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ዘይቱ ሳይዘጋ አዲስ ሸራ ማሰር ገንዘብን ገደል መጣል ነው።

4. ካምቢዮ፦ ድምፁን አዳምጡ

ሞተሩን አስነሱ፤ ዜሮ ማርሽ ላይ ሁኑ።

• ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚጮኽ፣ ሲረገጥ ዝም የሚል ከሆነ፦ የካምቢዮ ኩሽኔታ ተበልቷል።
• ሳይረገጥ ዝም የሚል፣ ሲረገጥ የሚጮኽ ከሆነ፦ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው።
• አንድ ማርሽ ብቻ ሲገባ የሚጮኽ ከሆነ፦ የዚያ ማርሽ ማስማሚያ ቀለበት አልቋል።
• ማርሽ ከገባ በኋላ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ፦ የውስጥ መያዣዎቹ ላልተዋል፣ ወይም ካምቢዮው የተቀመጠበት ጎማ ተበጥሷል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ከወጣ አደገኛ ነውና ሳይጠገን ጭነት አታውጡ።

የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት በመለኪያ ዘንግ አይታይም። በጎኑ ያለው የመሙያ ብሎን ይፈታል፤ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ እስከ ቀዳዳው ከንፈር መድረስ አለበት። በጣታችሁ ነክታችሁ እዩት። ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ዛሬውኑ ይቀየር። የብረት ቅንጣት ከበዛበት አንድ ነገር እየተበላ ነው፤ ለመካኒኩ አሳዩት። የዘይቱን ዓይነት ከመኪናው መመሪያ ውሰዱ፤ «ወፍራም ይሻላል» በሚል ግምት አትሙሉ።

5. ካርዳን፣ ክሮቼራና ዲፈረንሻል

መኪናው ሲነሳ ወይም ማርሽ ሲቀየር ከሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ ክሮቼራውን ጠርጥሩ። ሞተሩን አጥፉ፣ ጎማዎቹን በታኮ አስይዙ፣ ከዚያ ካርዳኑን በእጃችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት። መጋጠሚያው ላይ መላላት ካለ ይቀየር። ሲፍቅና ሲጮህ ግሪስ ጠምቶታል። ፍጥነት ሲጨምር መኪናው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ዘንጉ ላይ የደረቀ ጭቃ እንዳለ እዩ። ክሮቼራ በጉዞ ላይ ከተበጠሰ ካርዳኑ መሬት ይመታል፤ የፍሬን መስመርም ሊቆርጥ ይችላል።

ዲፈረንሻል ሲጎዳ ረጅም ጩኸት ያሰማል። ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ድምፁ ይለዋወጣል። ከሁሉ በፊት ዘይቱን እዩ። በኋላ ጎማ ውስጥ በኩል ዘይት ወርዶ ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ ያ ዘይት የፍሬኑን ሸራ ያረጥበዋል። ዛሬ የዘይት ጉዳይ የሆነው ነገ የፍሬን ጉዳይ ይሆናል።

ወንዝ የተሻገረ መኪና፣ ውኃው እስከ ጎማው እምብርት ከደረሰ፣ የካምቢዮውም የዲፈረንሻሉም ዘይት በማግስቱ ይታይ። ከመሻገራችሁ በፊትም ጥቂት አቁማችሁ አብርዱት። የፊት ጎማ ማርሽ ያላቸው መኪኖች ደግሞ በጭቃና በአሸዋ ብቻ ይጠቀሙበት። በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መታጠፍ ማርሾቹን ያጨናንቃል፤ ይሰብራልም።

6. ዳገት ስንወጣ፣ ቁልቁለት ስንወርድ

ዳገት ላይ ሞተሩ ሳይደክም ቀድማችሁ ወደ ከባድ ማርሽ ቀንሱ። ዳገት መሐል ሰው ለመጫን አትቁሙ። የቆመ መኪናን በፍሪሲዮን ሚዛን አታስይዙ፤ ለዚህ የእጅ ፍሬን አለ። እግራችሁንም ያለ ሥራ ፔዳሉ ላይ አታሳርፉ።

ቁልቁለት ላይ አንድ ሕግ ያዙ፦ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር የሞተሩን ይዞታ ጥሎ ጭነቱን በሙሉ ለፍሬን ሰጥቷል። ፍሬን ሲግል መያዙን ያቆማል። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ፍሬኑ በእግር የሚረገጥ ድንጋይ ይሆናል። ከጋሸና መንገድም ሆነ ከኩልመስክ መንገድ ገደል በሌለበት ጥቂት ቦታ ብቻ ነው የምንነዳው። የተቆጠበው ናፍጣ የአንድ ሰው ነፍስ አያወጣም።

7. አሮጌ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት

ሻጩ አስቀድሞ ሞተሩን ካሞቀው ጠርጥሩ፤ በማለዳ ቀዝቃዛ ሆኖ ይነሳ። ከሥር ገብታችሁ እዩ፤ አዲስ የታጠበ ካምቢዮ ማፍሰሱን ሊደብቅ ይችላል። ከላይ ያልኳቸውን የድምፅና የፍሪሲዮን ሙከራዎች አድርጉ። ከዚያ ዳገት ላይ ንዱት፤ በሜዳ መንገድ የተሞከረ መኪና አልተሞከረም። የራሳችሁን መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ለመካኒኩ የምትከፍሉት ካምቢዮ ለማስጠገን ከምትከፍሉት ጋር አይወዳደርም።

ማጠቃለያ

በቡድን የተያዘ መኪና ትልቁ ሕመሙ ባለቤት ማጣት ነው። ሁሉም ይነዳዋል፣ ሁሉም ይጭንበታል፤ ዘይቱን ግን ማንም አያይም። ስለዚህ ከዚህ ሥልጠና ስትመለሱ ሦስት ነገር ወስኑ።

አንደኛ፣ ተጠያቂ ሾፌር መድቡ፤ ከሊብሬው ልክ በላይ ላለመጫንም በቃለ ጉባኤ ተስማሙ። ያን ጊዜ ሾፌሩ ዘመድ ሲለምነው እምቢ የሚልበት ወረቀት ይኖረዋል።

ሁለተኛ፣ አንድ ደብተር ክፈቱ። ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ ወንዝ የተሻገረበት ቀን፣ አዲስ የተሰማ ድምፅ ይጻፍበት። የዘር ቀን የምትመዘግቡ ሰዎች ይህ አይከብዳችሁም።

ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ ገቢ ለጥገና የሚቀመጥ ድርሻ ወስኑ። በሬ የሚያርሰው መኖ ሲቀርብለት ነው፤ ለመኪናም መኖው ይህ ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ፍሪሲዮን መሽተት ሲጀምር ቅጠሉ ገና በእጃችሁ ነው። አሁን ወደ ግቢው እንውጣ፤ መኪናው ቆሞልናል። ኮፈኑን ከፍተን የፍሪሲዮን ዘይት ዕቃውን እያንዳንዳችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ከዚያ ተራ በተራ ከሥር ገብታችሁ ክሮቼራውን ትነቀንቃላችሁ።